የሽቦ መኪናችን ምን ጎደለው?

ከጅቡቲ ወደብ ጭነት ይዘው የሚመጡ ከባድ ተሽከርካሪዎች በነባሩ መንገድ ሞጆን፣ ቢሾፍቱንና ዱከምን አልፈው ወደ አዲስ አበባ ሲዘልቁ መጀመሪያ የሚቀበላቸው አቃቂ፣ ቀጥሎም ቃሊቲ ነው። በዚህ መንገድ ዳር ያደገ ልጅ የመኪና ዓይነት ለመለየት አስተማሪ አያሻውም። የጭነት መኪናውን ገና ከሩቁ በሞተሩ ድምፅ፣ ማርሽ ሲቀየር በሚሰማው ጉርምርምታ፣ በጎማዎቹ ብዛት ያውቀዋል። የአባቶቻችን ዘመን ልጆች ኤንትሬን እንዲህ ያውቁት ነበር፤ የዛሬዎቹ ደግሞ ሲኖትራክን። ያወቁትንም ይሠሩታል። ሻሲው ከታጠፈ ሽቦ፣ ጎማው ከቆርኪ ወይም በክብ ከተቆረጠ የአሮጌ ነጠላ ጫማ ሶል፣ የጭነት ሳጥኑ ከዘይት ቆርቆሮ ይበጃል። ከፊት ጎማዎቹ የሚነሣ ረጅም ሽቦ እስከ ልጁ ደረት ደርሶ በክብ መሪ ያልቃል፤ ልጁ ከኋላ እየሮጠ መሪውን ሲያዞር የፊት ጎማዎቹ ይታጠፋሉ። ጎበዝ የተባለው ደግሞ ተሳቢ ይቀጥልበታል። ትንሽ ከፍ ያሉት ልጆች ከጋራዥ በተጣለ ኩሽኔታ ላይ ጣውላ አጋድመው ቁልቁለቱን ይንደረደሩበታል።

ስለ ሽቦ መኪና ብዙ ተብሏል። አብዛኛው ግን ምስጋና ነው፤ «የልጆቻችን የፈጠራ ችሎታ» ይባልና ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ በኤግዚቢሽን ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ነገሩ በዚያው ያበቃል። እኛ ምስጋናውን አንቃወምም። ይሁንና አንድን ሥራ ከልብ ማክበር ጉድለቱንም መጠየቅን የሚጨምር ይመስለናል። ለመሆኑ ታላቅ ወንድም የሠራው የሽቦ መኪና ከዓመታት በኋላ ታናሹ ከሚሠራው በምን ይለያል? በምንም። ሁለቱም ከዜሮ ይጀምራሉ፣ ሁለቱም እዚያው ቦታ ይቆማሉ። የአንዱ ጎማ ለሌላው መኪና አይሆንም፤ የአንዱ መሪ ከሌላው ሻሲ ጋር አይገጥምም። ልጁ አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው መኪናውን ጥሎት ያልፋል፤ በእጁ ያካበተው ዕውቀትም አብሮ ይጣላል። በፊዚክስ ክፍል ስለ መንኩራኩርና ዘንግ ሲማር፣ ይህ ነገር ያ ሲሠራው የኖረው መሆኑን የሚነግረው ሰው የለም።

የጎደለውን ነገር ለማየት ከመቶ ሃያ ዓመታት በላይ ወደ ኋላ ተመልሶ እንግሊዝ አገር፣ ሊቨርፑል ከተማ መድረስ ይጠቅማል። ፍራንክ ሆርንቢ ሥጋ ከውጭ በሚያስመጣ ነጋዴ ዘንድ የሚሠራ ጸሐፊ ነበር። የምሕንድስና ትምህርት አልተማረም። እ.ኤ.አ. በ1899 ለወንዶች ልጆቹ ከብረት ላሜራ እየቆረጠ ድልድይ፣ የጭነት ተሽከርካሪና ክሬን ይሠራላቸው ጀመር። እነዚህ የመጀመሪያ ሥራዎቹ ከእኛ የሽቦ መኪና ጋር አንድ ዓይነት ጠባይ ነበራቸው፤ የአንዱ ክፍል ለሌላው አይሆንም ነበር። ክሬኑ ክሬን ብቻ፣ ድልድዩም ድልድይ ብቻ ነበር። ሆርንቢ ከዚህ ያመለጠው በአንድ ሐሳብ ነው። የብረት ክፋዮቹን ሁሉ በእኩል ርቀት ቢበሳቸው፣ ማንኛውም ክፋይ ከማንኛውም ጋር በብሎንና በዳዶ ሊታሰር እንደሚችል አስተዋለ። በዚህ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1901 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ፤ ለወጪው የሚሆነውን አምስት ፓውንድ የተበደረው ከአሠሪው ነው። ዕቃው እ.ኤ.አ. ከ1907 ጀምሮ «ሜካኖ» በሚል ስም ታወቀ። በሊቨርፑል የተሠራው ትልቁ ፋብሪካም እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1979 ድረስ ለዓለም ልጆች ሲያመርት ኖረ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን ቀዳዳዋን እንመልከታት። በሜካኖ ክፋይ ላይ ያለች ቀዳዳ ሁለት ሥራ ትሠራለች። ብሎን ሲገባባት ማሰሪያ ናት። ዘንግ ሲገባባት ደግሞ የዘንጉ ማረፊያና መዞሪያ፣ ማለትም የኩሽኔታን ተግባር የምትፈጽም ናት። ቀዳዳዎቹ በግማሽ ኢንች፣ ማለትም በ12.7 ሚሊ ሜትር ልዩነት ስለሚደረደሩ፣ ፊት ለፊት በቆሙ ሁለት ክፋዮች ውስጥ የሚያልፍ ዘንግ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ ይዞራል፤ የተጣመመ ግን ይነክሳል። የሽቦ መኪና የሠራ ልጅ ሁሉ ይህን በሚገባ ያውቃል፤ የጎማውን ዘንግ የሚሸከሙት ሁለቱ የሽቦ ቀለበቶች እስኪተያዩ ድረስ ስንት ጊዜ በፒንሳ እንደሚያጎብጣቸው እርሱ ይንገረን። ሆርንቢ ይህን አድካሚ ሥራ ከልጁ እጅ ላይ አንሥቶ ለፋብሪካው ሰጠው። ልጁም የተረፈውን ጊዜ ስለ መኪናው ለማሰብ አዋለው። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ካምቢዮ፣ ዲፈረንሻልና በትክክል የሚታጠፍ መሪ ያለው የመኪና ሻሲ ከዚያው ሳጥን ዕቃ ይገጣጠም ነበር።

በነገራችን ላይ የጋራዥ ቋንቋችን ራሱ የሚመሰክረው ነገር አለ። ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ኩሽኔታ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፤ ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ቃላቱን ያመጣቸው ዕቃው ነው፤ የጋራዥ ሠራተኛው ዕቃውን ሲይዝ ቃሉንም ያዘ። በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የምናገኛቸው የመካኒክስ ቃላት ግን ብዙዎቹ ዕቃ ሳይዙ ብቻቸውን የመጡ ናቸው። ተማሪው ትርጉማቸውን በቃሉ ይወጣቸዋል እንጂ በጣቱ አያውቃቸውም።

ወደ ሞተሩ እንለፍ። የሽቦ መኪናን የሚገፋው ልጁ ነው፤ ስለዚህ የኃይል ጥያቄ አይነሣም። ሞተር የገባ ዕለት ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ሞተር ማግኘት ለእኛ ልጆች ያን ያህል ችግር አይደለም። ከተበላሸ የካሴት ማጫወቻ፣ ከዲቪዲ፣ ከአሮጌ የማተሚያ መሣሪያ ውስጥ ይወጣል፤ ቆራሌው ከየሠፈሩ የሚሰበስበው፣ መርካቶ ምን አለሽ ተራ የሚፈታታው ዕቃ በውስጡ ሞተር አለው። ችግሩ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። በሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ በ3 ቮልት የሚሠራ አንድ የተለመደ የመጫወቻ ሞተር ምንም ሳይጫንበት በደቂቃ 10,000 ጊዜ ያህል ሊዞር ይችላል። ልጁ ዲያሜትሩ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎማ በቀጥታ በሞተሩ ዘንግ ላይ ሰካ እንበል። የጎማው ዙሪያ 12.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በ10,000 ሲባዛ በደቂቃ 1,256 ሜትር፣ በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር ይሆናል! ታዲያ መኪናው በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር ይሄዳል? አይሄድም። መሬት ላይ ሲያስቀምጡት ሞተሩ አንድ ጊዜ ይንቀጠቀጥና ቀጥ ይላል፤ ትንሽ ቆይቶም ይግላል። ፍጥነት ሞልቶለታል፤ የመጠምዘዝ ኃይል ግን የለውም።

መፍትሔው ፍጥነቱን ሰጥቶ ኃይል መግዛት ነው። 10 ጥርስ ያለው ትንሽ ማርሽ 50 ጥርስ ያለውን ትልቅ ማርሽ ቢያዞር፣ ትልቁ በአምስት እጥፍ ዝግ ብሎ በአምስት እጥፍ የበለጠ ኃይል ይጠመዝዛል። ይህንኑ አንድ ጊዜ ደግመን፣ በመጨረሻም ባለ 20 ጥርስ ማርሽ ከባለ 40 ጋር ብናገናኝ፣ 5 በ5 በ2 ተባዝቶ 50 እጥፍ እናገኛለን። የጎማው ዘንግ በደቂቃ 200 ጊዜ ይዞራል፤ መኪናውም በደቂቃ 25 ሜትር፣ ማለትም በአንድ ሴኮንድ 42 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። የመጠምዘዝ ኃይሉ ደግሞ በፍትጊያ ከሚባክነው በስተቀር 50 እጥፍ ይሆናል፤ አሁን መኪናው በመማሪያ ደብተሮች የተሠራ ዳገት ይወጣል። ይህን ስሌት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለመሥራት ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ነገር ግን ከሦስቱ ጥንድ ማርሾች አንዱን ነቅሎ መኪናው ዳገቱ ላይ ሲቆም ያየ ተማሪ ስሌቱን የሚረሳው አይመስለንም።

ሞተሩ የሚያስነሣው ሁለተኛ ጥያቄ ከዚህም ይልቅ ያስደንቃል። በሽቦ መኪና ላይ የግራና የቀኝ ጎማዎች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ስለሚሽከረከሩ ልጁ ሲያጥፈው አንዱ ከሌላው ይበልጥ ቢዞር ማንም ልብ አይለውም። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በአንድ ዘንግ አስረን በሞተር ስናዞራቸው ግን ሁለቱም እኩል ለመዞር ይገደዳሉ። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና መኪናው የክብ ሩብ ያህል ቢታጠፍ፣ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው 15.7 ሴንቲ ሜትር የበለጠ መንገድ መሄድ አለበት። የጎማችን ዙሪያ 12.6 ሴንቲ ሜትር እንደነበር እናስታውስ። ከአንድ ሙሉ ዙር በላይ ልዩነት ነው! ስለዚህ ወይ አንዱ ጎማ ይንሸራተታል፣ ወይ መኪናው መታጠፍ እምቢ ይላል። ዲፈረንሻል የተባለው የማርሾች ስብስብ በእያንዳንዱ መኪና ውስጥ የተቀመጠው ይህን ጠብ ለማስታረቅ ነው። (በአቃቂ በኩል ያልፍ የነበረው የምድር ባቡር ጎማዎች በዘንጋቸው ላይ የተጣበቁ ሆነው ዲፈረንሻል ሳይኖራቸው ኩርባውን እንዴት ይዞሩ እንደነበር ለአንባቢ እንተወዋለን፤ ፍንጩ የጎማው ገጽ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ መሆኑ ነው።) በየመንገዱ ዳር ባሉ ጋራዦች ዲፈረንሻል ሲፈታ ቆሞ ያልተመለከተ የአቃቂ ልጅ ጥቂት ነው። ለምን እንዳስፈለገ የሚገባው ግን ያለ ዲፈረንሻል ሠርቶ መኪናው እምቢ ያለው ልጅ ነው።

ይህ ጉዳይ የጨዋታ ወሬ ብቻ እንዳይመስል በመንገዳችን ላይ የመጣውን ለውጥ እንመልከት። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወሰነ፤ ከዚያ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ ከከተማው መሐል እስከ ቃሊቲ የሚዘልቀው ቀላል ባቡርም የሚንቀሳቀሰው በኤሌክትሪክ ሞተር ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ውስጡ ሲታይ ምንድን ነው? ባትሪ፣ ሞተር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 እጥፍ ፍጥነት የሚቀንስ አንድ ቋሚ የማርሽ ጥንድ ወይም ሁለት፣ ከዚያም ዲፈረንሻልና ጎማ። ፍሪሲዮን የለም፤ በእጅ የሚቀየር ማርሽም የለም። እንግዲህ በሁለት የባትሪ ድንጋይ የምትሄደው መጫወቻ ከኤንትሬ ይልቅ ለዚህ መኪና ትቀርባለች። ትንሿን መኪና ሠርቶ፣ አፍርሶ፣ እንደገና የሠራ ልጅ የትልቁን መኪና አሠራር በመሠረቱ ያውቃል። የሚቀረው መጠኑና የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያው ነው። ያም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም፤ ግን ከዜሮ አይጀምርም።

መጫወቻ ከሳይንስ ጋር ምን አገናኘው የሚል ካለ ደግሞ የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲውን ሥራ እናስታውሰው። እ.ኤ.አ. በ1934 ዳግላስ ሃርትሪ የተባሉት የሒሳብና የፊዚክስ ሊቅ ከተማሪያቸው ከአርተር ፖርተር ጋር ሆነው ዲፈረንሻል አናላይዘር የተባለውን፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽኖችን በሚዞሩ ዘንጎችና ማርሾች የሚፈታ የስሌት መሣሪያ በአመዛኙ ከሜካኖ ክፋዮች ሠሩ። ወጪው 20 ፓውንድ ያህል ብቻ ነበር። የአቶምን አወቃቀር ለሚመለከቱ ስሌቶች አገለገለ፤ ትልቁንና ትክክለኛውን መሣሪያ ለማሠራትም መንገድ ከፈተ። ሁለቱ ሰዎች ሜካኖን የመረጡት ርካሽ ስለነበረ ብቻ አይደለም። ክፋዮቹ እርስ በርስ እንደሚገጥሙ አስቀድሞ የተረጋገጠ ስለነበረ ሐሳባቸውን በጥቂት ጊዜ ሊሞክሩት ቻሉ።

በእኛ በኩልስ? በቀድሞዎቹ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የእንጨትና የብረት ሥራ ወርክሾፖች ነበሩ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትን ከ10ኛ ክፍል በኋላ ራሱን የቻለ መስመር ሲያደርገው፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄደው ተማሪ ከብረት ሥራው ተለያየ። ለአገር የሚያስፈልገው የሰለጠነ ሠራተኛ በዚያ መስመር ወጥቷል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን በ2000ዎቹ ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች ሰባ በመቶ ያህሉ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲመደቡ፣ ብዙዎቹ ካቻቪቴ ይዘው የማያውቁ ነበሩ። የማርሽ ጥርስ የሚሸከመውን ጫና በቀመር አስልቶ የሚያወጣ፣ ዳዶ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚጠብቅ ግን ሞክሮ የሚያገኝ የምሕንድስና ተማሪ መኖሩን መምህራን ሁሉ ያውቁታል። በአንጻሩ ዳዶውን በእንቅልፉም የሚያጠብቀው የጋራዥ ረዳት ቀመሩን የሚያገኝበት በር የለውም። ሁለቱ በአንድ ክፍለ ከተማ ይኖራሉ፤ በአንድ ታክሲም ይሄዳሉ።

የሮቦት መገጣጠሚያ ዕቃዎች ወደ አገራችን አልገቡም ማለታችን አይደለም። ስቴም ፓወር የተባለው ድርጅት ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ያቋቋማቸው ማዕከላት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የተመሠረተው አይኮግ ላብስ ለወጣቶች የሚያዘጋጃቸው ሥልጠናዎችና ውድድሮች ሊመሰገኑ ይገባል። ጥያቄያችን ማዕከል ስለሌለው ትምህርት ቤት ነው፤ ዕቃው ሲሰበርና ሲጠፋ ስለሚሆነውም ነው። ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ ትምህርት ቤት በዕርዳታ የመጣ የመገጣጠሚያ ዕቃ በቁም ሳጥን ተቆልፎበት አይተናል። ምክንያቱን ስንጠይቅ «እንዳይጠፋ» አሉን። አልተሳሳቱም፤ ከጠፋ የሚተካው የለም። ለአምራቹም ቢሆን ዘላለማዊነት የለውም። ሌጎ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረውንና በዓለም ትምህርት ቤቶች የተለመደውን ማይንድስቶርምስ የተባለ የሮቦት ዕቃ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ማምረት አቁሟል። በሌላ በኩል ደግሞ ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣው የፕላስቲክ ጡብ ዛሬ ከሚመረተው ጡብ ጋር ይገጥማል። የሚያልፈው ኤሌክትሮኒክሱ ነው፤ የሚቆየው ልኩ ነው።

እንግዲህ ሐሳባችንን በግልጽ እናቅርብ። የሽቦ መኪናችን የጎደለው ችሎታ አይደለም፤ ሞተርም አይደለም። የጎደለው ሁላችንም የተስማማንበት የቀዳዳ ልክ ነው። ይህን ልክ አውጥቶ ዕቃውን ለማምረት ደግሞ ከአቃቂ ቃሊቲ የተሻለ ቦታ አናውቅም። ቃሊቲ ብረታ ብረት ፋብሪካ ላሜራን ወደ ቆርቆሮ፣ ወደ ቱቦና ወደ ፕሮፋይል ሲለውጥ የኖረ ነው። ዛሬ አቃቂ መሠረታዊ የብረታ ብረት ኢንዱስትሪ የሚባለው የቀድሞው የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያ ፋብሪካ ለሌሎች ፋብሪካዎች መለዋወጫ የሚያቀልጥ፣ የሚቀጠቅጥና የሚቀርጽ ነው። ቂሊንጦ አካባቢ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። በመካከላቸው ያሉትን ቶርኖ ቤቶች የቆጠራቸው የለም። ከትልቅ ላሜራ ላይ ተቆርጦ የሚወድቀው ቁርጥራጭ አንድ ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው ለእኛ ሥራ ይበቃል።

ቀዳዳ መብሳት ምን ይከብዳል የሚል አንባቢ ይኖራል። አንድ ልጅ የመጀመሪያውን ቀዳዳ በስቶ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው፣ ሦስተኛውን ከሁለተኛው እየለካ ቢሄድና በእያንዳንዱ ልኬት ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ አንድ ወገን ቢያዘነብል፣ አሥር ልኬት ሲሞላ ስሕተቱ 5 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ዘንጉ አይገባም፤ ቢገባም ይነክሳል። ሁሉንም ከአንድ ጫፍ ቢለካ ስሕተቱ አይጠራቀምም። ሁሉንም በአንድ የብረት ናሙና ላይ አስተኝቶ ቢበሳ ደግሞ መለካት ራሱ አያስፈልገውም። ናሙናውን አንድ ጊዜ በጥንቃቄ የሚሠራው ቶርኖ ቤቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንኛውም ትምህርት ቤት አንድ መሠርሠሪያ ይዞ የራሱን ክፋይ ያመርታል። የጠፋ ክፋይ ያን ጊዜ አያስፈራም፤ ቁም ሳጥኑም ይከፈታል።

ልኩ ስንት ይሁን? የሆርንቢ 12.7 ሚሊ ሜትር በዓለም ዙሪያ ካሉ አሮጌ ዕቃዎች ጋር ይገጥማል፤ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። እኛ ግን 10 ሚሊ ሜትርን እንመርጣለን። የተማሪው ማስመሪያ በሴንቲ ሜትር ነው፤ ገበያ ላይ ያለው ባለ 4 ሚሊ ሜትር ብሎንም ከነዳዶው በዚህ ርቀት ተመቻችቶ ይቀመጣል። ሌላ የሚሻል ልክ አለ የሚል ወገን ቢኖር እንከራከር፤ ብቻ በየዩኒቨርሲቲው የተለያየ ልክ ወጥቶ ሦስት ዓይነት ቀዳዳ እንዳይኖረን እንፈራለን።

የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። ወንበርና መጽሐፍ ባልተሟላበት ትምህርት ቤት መጫወቻ ቅንጦት ነው ይባላል። ከውጭ በምንዛሪ ለሚመጣ ዕቃ ይህ ትክክል ይሆን ነበር፤ ለላሜራ ቁርጥራጭ ግን አይሠራም። ሁሉንም በኮምፒዩተር ማሳየት ይቻላል የሚሉም አሉ። በኮምፒዩተር መስኮት ላይ ያለ ዘንግ አይነክስም፤ ዳዶውም ተፈትቶ መሬት ላይ አይጠፋም፤ ትምህርቱ ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። ከሁሉ የከበደው ሦስተኛው ተቃውሞ ነው፤ ሽቦ የፈለገውን ቅርጽ ይይዛል፣ የተበሳ ብረት ግን የልጁን ነጻነት ያጠብባል የሚለው። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። በሳጥኑ ላይ የተሳለውን ሥዕል ብቻ እየተከተለ የሚገጣጥም ልጅ ከሽቦ ሠሪው ያነሰ ያስባል፤ ስለዚህ የእኛ ዕቃ ሥዕል የሌለው ቢሆን እንመርጣለን። ነገር ግን የፊደላችን ቅርጽ የተወሰነ መሆኑ ባለቅኔውን አላሰረውም፤ ሁሉም በአንድ ፊደል ስለጻፈ ነው አንዱ የሌላውን ያነበበው። ሽቦውም ቢሆን አይቀርም፤ የመኪናው ጋቢናና መብራት እንደ ዱሮው ከሽቦና ከቆርቆሮ ይሠራል። ሌላም ጥቅም አለው፤ የሽቦ መኪና በየመንገዱ የወንዶች ልጆች ጨዋታ ሆኖ ኖሯል፤ ዕቃው በክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ግን ሴቶች ልጆችም እኩል ይይዙታል።

የሚያስቸግረው ክፋይ ማርሹ ነው። ጠፍጣፋ ብረት በመሠርሠሪያ ይበሳል፤ ጥርስ ግን በእጅ አይወጣም። እዚህ ላይ ነው የ10 ሚሊ ሜትሩ ልክ ሌላ ጥቅሙ የሚታየው። በምሕንድስና ቋንቋ ሞጁሉ 1 የሆነ ማርሽ የጥርሱ ቁጥርና በሚሊ ሜትር የሚለካው የመግጠሚያ ዲያሜትሩ እኩል ነው፤ ባለ 50 ጥርሱ 50 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 10 ጥርሱ 10 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሁለቱ ሲነካኩ በዘንጎቻቸው መካከል ያለው ርቀት የድምሩ ግማሽ፣ 30 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 20ውና ባለ 40ውም እንዲሁ 30 ሚሊ ሜትር፤ ባለ 15ቱና ባለ 45ቱም፤ ሁለት ባለ 30ዎችም። ሠላሳ ሚሊ ሜትር ማለት በእኛ ክፋይ ላይ ልክ ሦስት ቀዳዳ መራመድ ነው። ሆርንቢም ባለ 19 ጥርሱን ከባለ 57ቱ ጋር ያገናኘው በዚሁ ብልሃት ነበር፤ በመካከላቸው አንድ ኢንች፣ ማለትም ሁለት የቀዳዳ ርምጃ አለ። ስለዚህ ከፋብሪካዎቹ የምንጠይቀው ድምራቸው 60 የሆነ ሰባት ዓይነት ማርሾች ናቸው፤ ባለ 10፣ 15፣ 20፣ 30፣ 40፣ 45 እና 50 ጥርስ። ሥዕላቸውን ከክፋዩ ሥዕል ጋር በአንድ ገጽ ላይ ማውጣት ለአንድ የመካኒካል ምሕንድስና የመመረቂያ ሥራ የሚከብድ አይደለም። ገጹ ታትሞ በየትምህርት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ከቃሊቲ እስከ አቃቂ ድልድይ ባሉት ቶርኖ ቤቶች ግድግዳም ላይ ይለጠፍ።